ከቢጫው ክፍል የማይወጣ

ማቅለሽለሽ ከሆድ ይጀምራል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። ሽማግሌዋን የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ያቅለሸለሻት ነገር የገባው በጆሮዋ ነበር።

ሽማግሌዋ ስላችሁ ከዘራ የያዘች ባልቴት እንዳትመጣባችሁ። የሃያ ስድስት ዓመት ቆንጆ ናት። ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው፣ የአስታራቂነት ሥልጠና የጀመረች ዕለት። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ ሽማግሌ አንቺ ነሽ፣ እኔ ልጅ ልሁን" ብሎ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አባቷ የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ሹፌር ነው። ሙያውን የመረጠችውም በዚሁ መኪና ሰበብ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ጎረቤቶቹ "መኪናህን ከደጃችን አንሳ" ብለው ተነሱበትና ነገሩ ድንጋይ እስከ መወራወር ደረሰ። ያኔ አንዲት ሴትዮ ደብተር ይዛ መጣችና ሁለቱንም ወገን ለየብቻ አስቀምጣ ስታዳምጥ ቆይታ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ጠቡን ጨረሰችው። መኪናው ታጥቦ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ እንዲያድር ተስማሙ። ልጅቷ ሴትዮዋን እስከ መንገድ ሸኝታ "ይሄ ሥራ ነው እንዴ? ይማሩታል?" ብላ ጠየቀቻት። "ይማሩታል። መጀመሪያ የሚማሩት ግን አፍ መዝጋት ነው" አለቻት።

አሁን ትምህርቱን ጨርሳለች። ከሰዓት በኋላ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ልምምድ ላይ ነች። ስድስት እውነተኛ ጉዳይ መጨረስ አለባት። አምስቱን ጨርሳለች፤ አንዱ በጋራ አጥር የተጣሉ ወንድማማቾች ነበሩ፣ እየተላቀሱ ነው የወጡት። ስድስተኛውን ካለፈች የምስክር ወረቀቷን ትቀበላለች፣ ማዕከሉም ይቀጥራታል።

ልምምዱ የሚካሄደው ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ትልቁ ክፍል ሁሉም በአንድነት የሚቀመጡበት ነው። ትንሹ ክፍል ግድግዳው ቢጫ ነው፤ እዚያ ባለጉዳይ ለብቻው ገብቶ የሆዱን ይዘረግፋል። በቢጫው ክፍል የተባለ ነገር፣ ተናጋሪው ካልፈቀደ በቀር፣ ለሌላው ወገን አይነገርም፣ ለአሰልጣኝ አይነገርም፣ ለትራስም አይነገርም። ለተለማማጅ ደግሞ የባለጉዳይ ስም አስቀድሞ አይሰጥም፤ የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ሲቀመጡ የምታውቃቸው ሆነው ካገኘቻቸው እጇን ታነሳለች፣ ትወጣለች፣ ሌላ ሰው ይተካል። ጠያቂም ወቃሽም የለም። ሕጉን ያወጡት አሰልጣኟ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው፤ "እጅ ማንሳት አፍ ከመክፈት ይቀላል" ይላሉ ሁልጊዜ።

ስድስተኛው ጉዳይ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ "እናትና ልጅ፣ ስለ ጋብቻ" ይላል።

እናትየው ከመግባታቸው በፊት ሽታቸው ገባ፣ የጽጌረዳ ሳሙና። ሽማግሌዋ ይህን ሽታ ታውቀዋለች፤ በየሳምንቱ በደብዳቤ ላይ ታሸተዋለች። ልቧ ትንሽ ዘለለና ተመለሰ። በከተማው ሳሙና የሚገዛ ሰው ሞልቷል ብላ አሰበች።

"የሳሙና ፋብሪካ አለን" አሉ ወይዘሮዋ፣ ወንበሩን በመሀረባቸው ጠርገው እየተቀመጡ። "ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ሎጋው ነው የሚለው፣ ስሙን የሚጠራው የለም። እሱን ልጄን የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ነጠቀችኝ።"

እዚህ ላይ ነበር እጇን ማንሳት። ልብ አድርጉ፣ እዚህ ላይ። እጇ ግን ከጠረጴዛው ስር ነበረ፣ እዚያው ቀረ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሎጋው ከስምንት ወር በፊት ክሊኒኩ የእጅ ሳሙና ሊሸጥ መጥቶ ነው የተዋወቁት። ከዚያ ወዲህ ሳሙና በመጣ ቁጥር ከካርቶኑ ውስጥ ደብዳቤ አይጠፋም። የአባቷን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ነግራዋለች። እሱም "እናቴ ሁሉንም ታውቃለች፣ አምጣት እያለች ነው" ብሏታል። እና እናትየው "ነጠቀችኝ" ሲሉ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ መስማት ፈለገች። አስታራቂዋ ልትነሳ ነበር፤ የተቀመጠችው አፍቃሪዋ ናት።

"የመሐንዲስ ልጅ ናት አለኝ" ቀጠሉ ወይዘሮዋ። "የውሃ መሐንዲስ! እኔም ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። መሐንዲሱ ማን ሆኖ ቢገኝ ጥሩ ነው? የሽንት ቤት መጣጭ! የሰው ሁሉ ጉድ በቱቦ እየሳበ የሚዞር! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ንጹሕ እንዲሆን ስለፋ ኖሬ፣ ያ ሰውዬ አማቼ ይሁን? በተኛሁበት ይሸተኛል እኮ! ልጅቱም ብትታጠብ ብትታጠብ ያው ናት፣ ደሟ ውስጥ የገባ ነው።"

ሽማግሌዋ እስክሪብቶዋን ጨበጠች። አምስት ጉዳይ ሙሉ ብዙ ክፉ ቃል ሰምታለች፤ የዛሬው ግን የአባቷን ፊት ይዞ መጣባት። ቁርስ የበላችው ሻይና ዳቦ ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። ዋጠችው።

"ልጅዎስ ምን አለ?" አለች። ጥያቄው ለሽምግልናው አያስፈልግም ነበር። ለራሷ ነው የጠየቀችው።

"እሱማ ተንበርክኮ ለመነኝ። 'እማዬ፣ እኔንም ያንገሸግሸኛል። ግን ከተጋባን በኋላ አባትየው ደጃችንን አይረግጥም። ሠርጉም ላይ አይመጣም፣ አንድ ሰበብ እፈጥራለሁ። እሷንም ቀስ ብዬ አስተዋታለሁ' አለኝ። እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ፣ እምቢ አልኩት። ጥሎኝ ወጣና ይኸው ሁለት ሳምንት እህቴ ጋ ነው።" ወይዘሮዋ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ እንባው የእውነት ነበር። "ለዘመድ ባወጣው እስከ ማታ ከተማ ያዳርሱታል። እናንተ አፋችሁ የታሰረ ነው ስለተባልኩ ነው የመጣሁት። የኔ ልጅ፣ ይቺን ግን እንዳትነግሪው። ገመናዬን አወጣችብኝ ይላል።"

"አልነግረውም" አለች ሽማግሌዋ።

ወይዘሮዋ ሲወጡ እጇን ያዙት፣ በሁለት እጃቸው። "እግዜር ይባርክሽ፣ ጨዋ ልጅ ነሽ። እንዳንቺ ያለችዋን ቢያመጣልኝ ምን ነበረበት?"

በሩ ሲዘጋ ሽማግሌዋ እጇን አየችው። የጽጌረዳ ሽታ ጥሎባት ሄዷል። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ አልለቀቀም።

በሚቀጥለው ቀን ከምሳ በኋላ አባቷ እንደ ልማዱ ወደ ሥራ ሲሄድ በመኪናው አደረሳት፤ ክሊኒኩ በር ድረስ አይደለም፣ አንድ መንገድ ሲቀር ያለው ዳቦ ቤት ጥግ ላይ ነው የምትወርደው። "ትንሽ ልራመድ፣ ለጤና ጥሩ ነው" ትላለች ስትወርድ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጤናዋ ስትራመድ ኖራለች።

ሎጋው ካርቶኑን ትከሻው ላይ አድርጎ ገባ። ቁመቱ፣ ፈገግታው፣ ዓይኑ፣ ሁሉም ድሮ የነበረው ነው። ይህ ነው የሚያናድደው፤ ሰው ሲዋሽ ፊቱ ላይ አንድ ነገር ቢበቅል ምን ነበረበት?

"እናቴ ሰላም ብላሻለች" አለ።

"መቼ?"

"ትናንት፣ እራት ላይ። ስላንቺ ስናወራ አመሸን።"

ትናንት ያመሸው አክስቱ ቤት ነው። ታውቃለች፣ ግን እንድታውቅ አልተፈቀደላትም። ያወቀችው በቢጫው ክፍል ነው። ስለዚህ የተማረችውን ዘዴ ሞከረች፣ በር ከፍቶ መጠበቅ።

"አባቴ 'ይሄ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?' እያለ ነው። ምን ልበለው?"

በልቧ ለመነችው። እባክህ አሁን ተናገር። አፍሬ ዋሸሁ በል፣ ደካማ ነኝ በል፣ የፈለግከውን በል፣ ብቻ አንተው ንገረኝ።

"አባትሽን እኮ እንደ አባቴ ነው የማያቸው!" አለ ሎጋው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ሥራ ክቡር ነው፣ ምን ያሳፍራል? ይልቅ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።"

"ምንም።"

"አንቺ 'ምንም' ስትይ ብዙ ነገር አለ።"

"ጥርሴን አሞኝ ነው" አለች፤ የጥርስ ክሊኒክ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም።

እሱ ሲሄድ ደብዳቤውን ከፈተችው። "ውዴ፣ አባትሽ በሠርጋችን ቀን ሙሉ ልብስ ለብሰው ከፊት ወንበር ሲቀመጡ ይታየኛል" ይላል። ከዚያ በላይ ማንበብ አልቻለችም። ወደ መታጠቢያው ሮጠችና አጎንብሳ አስመለሰች። እጇ በልማድ ወደ ሳሙናው ተዘረጋ፣ ሽታው ሲመጣባት መልሳ ተወችውና በውሃ ብቻ ታጠበች። ደግሞ የሚገርመው፣ እዚያው አጎንብሳ እንዳለች ናፈቃት። ሰውዬውን እየተጸየፉ መልሶ እሱኑ መናፈቅ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስጠላ ነገር አላጋጠማትም።

ማታ ቤት ስትገባ አባቷ ከግቢው ቧንቧ ስር ቆሞ እጁን ይታጠባል። ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ይታጠባል፣ ካልጨረሰ ወደ ቤት አይገባም። የያዘው ሳሙና ሎጋው የላከለት ነው።

"ሳሙናውስ አንደኛ ነው" አለ እጁን እያሸተተ። "ልጁም እንዲህ ከሆነ መቼ ነው የምታሳዪኝ፣ ሽማግሌዋ?"

ምን ትመልስለት? ለአባቷም አይነገርም። ራሷን አሞኛል ብላ ገብታ በጊዜ ተኛች፣ እንቅልፍ ግን አልመጣም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ይባላል። በሰው ላይ ጣቷን ቀስራ ስታበቃ የዳቦ ቤቱ ጥግ ትዝ አላት። ሎጋው አባቷን ከሠርጉ ሊያስቀር አሰበ፤ እሷ ደግሞ ከክሊኒኩ በር ስታስቀረው ኖራለች። እናትየውስ ቢያንስ ያሉትን ያሉት ለማያውቁት ሰው መስሏቸው ነው። ቁጭ ብላ ሌላ ሰው መስላ የሰማቻቸው ማን ናት? በአስታራቂ ወንበር ላይ ተቀምጣ በር ላይ ጆሮ እንደ መለጠፍ ያለ ሥራ ሠርታለች። እስከ ዶሮ ጩኸት ድረስ ራሷ ራሷን እንደቀፈፋት አደረች።

ሐሙስ ጠዋት በትልቁ ክፍል ወይዘሮዋ በቀኝ ተቀመጡ። ዳኛዋ ጥግ ይዘው ወረቀታቸውን አዘጋጁ፤ ነጥብ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ሎጋው ዘግይቶ ደረሰ። በሩን ሲከፍት ፊት ለፊት ሽማግሌዋን አየ። የልምምዷን ቦታ ነግራው አታውቅም፤ ሕጉ ስለማይፈቅድ። ቀለሙ ጠፋ። ከዚያ፣ እናንተዬ፣ ከዚያ ያደረገውን ስሙ። ፈገግ አለና እጁን ዘረጋ።

"ጤና ይስጥልኝ። አስታራቂዋ እርስዎ ነዎት?"

እርስዎ! ስምንት ወር ሙሉ "ዓይኔ፣ ልቤ" ሲላት የነበረ አፍ "እርስዎ" አላት። እጁን ጨበጠችው፤ በላብ ረጥቦ ቀዝቅዟል። የእናቱ ስድብ እንኳ እንዲህ አላንገሸገሻትም። ስድቡ ውስጥ ቢያንስ እሷ ነበረች፣ በዚህ ሰላምታ ውስጥ ግን የለችም።

ቃሉን በቃሏ ታውቀዋለች። "እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ ክፍል ማንም በማንም ላይ አይፈርድም። እኔ ለማንም ወገን..." አለች። "ለማንም ወገን አላደላም" ነበር የሚቀጥለው። አፏ ላይ ደርቆ ቀረ። ዝም ብትል ታልፋለች። እሱም ዝም ብሏል፣ እናትየውም አያውቁም። አንድ ሰዓት ማስመሰል፣ ከዚያ የምስክር ወረቀት፣ ከዚያ ሥራ። አሥር ዓመት የጠበቀችው ነገር አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

እጇን አነሳች።

ዳኛዋ ብድግ አሉ። "ታውቂያቸዋለሽ?"

"አውቃቸዋለሁ። የዘገየሁ ነኝ፣ ማክሰኞ ነበር ማንሳት ያለብኝ።" ወደ ወይዘሮዋ ዞረች። "የክሊኒኩ ልጅ እኔ ነኝ።"

ወይዘሮዋ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ ፊታቸው ላይ ሲመለስ ይታያል።

"አንቺ! ያን ሁሉ ስዘረግፍ ቁጭ ብለሽ ሰማሽኝ?"

"ሰማሁ። መውጣት ነበረብኝ፣ አልወጣሁም። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ የማያውቁኝ ሰው መስዬዎት ነው ያመኑኝ።"

"ምን አለችሽ?" ሎጋው ተነሳ። "እማዬ፣ ምን አልሻት?" መልሶ ወደ ሽማግሌዋ ዞረ። "ንገሪኝ፣ ምን አለችሽ?" አሁን "እርስዎ" ቀርቷል።

"ከቢጫው ክፍል አይወጣም" አለች ሽማግሌዋ።

"እኔ እኮ ነኝ!"

"ቅድምስ ማን ነበርክ?"

ማስታወሻዋን ከደብተሩ ገነጠለችና በፊታቸው ቀደደችው፣ ሕጉ እንደሚለው፣ አንድ ፊደል እስከማይነበብ። ወይዘሮዋ ቁርጥራጩን እያዩ ቆዩ። አንድ ቃል ብታወጣባቸው ልጃቸው ዳግም አይመለስላቸውም ነበር፤ አላወጣችም። ቦርሳቸውን አቅፈው አቀረቀሩ።

ኮሪደሩ ላይ ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዛሬ ስለተነሳሽ አላባርርሽም። ማክሰኞ ስለተቀመጥሽ ደግሞ ከአንደኛው ጉዳይ ትጀምሪያለሽ። አምስቱም ተሰርዘዋል።"

"እሺ።"

"ተናደድሽ?"

"ገና አልተፈቀደልኝም" አለች። ዳኛዋ ትንሽ አሰቡና ገባቸው፤ ምንም ሳይጠይቁ ትከሻዋን ነካ አድርገዋት ገቡ።

ለአባቷ ደወለች። "አባዬ፣ መጥተህ ውሰደኝ። የቤት ዕቃ መሸጫው ፊት ለፊት።"

"ፊት ለፊት?"

"ፊት ለፊት።"

ታች፣ በሩ አጠገብ፣ ደረጃው ላይ ሎጋው ተቀምጦ በማዕከሉ የማመልከቻ ቅጽ ጀርባ ይጽፋል። ስታልፍ ተነስቶ ሰጣት። "ምን እንዳለችሽ አላውቅም" አለ። "እኔ የሠራሁትን ግን አውቃለሁ።"

ወረቀቱ የሳሙና ሽታ የለውም። እንዲህ ይላል። "አባትሽን መሐንዲስ ናቸው ብዬ እናቴን ዋሸኋት። ሲነቃብኝ ሠርጉ ላይ አይመጡም፣ ቤታችንም አይደርሱም ብዬ ቃል ገባሁ። እኔንም ያንገሸግሸኛል ብያለሁ፤ ይሄኛው ውሸት አይደለም። አንቺን ዋሸሁሽ። ዛሬ ደግሞ አላውቅሽም አልኩ። ይህን ማንም አላስጻፈኝም።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁሉንም ታውቀው ነበር፣ አሁን ግን ለማወቅ ተፈቀደላት። እና ሦስት ቀን ያፈነችው ንዴት ገነፈለ። እዚያው በር ላይ አልቅሳ ጮኸችበት። "አባቴ በሳሙናህ ሦስት ጊዜ ይታጠባል! ታውቃለህ? 'ልጁንስ መቼ ነው የምታሳዪኝ' እያለ ይታጠባል! ሽታው ስላስጠላህ አይደለም የምጸየፍህ። እኔንም ያስጠላኛል! ከፊት ወንበር አስቀምጠህ በጓሮ በር ስላወጣኸው ነው!"

መኪናው መጣ። የዕቃ መሸጫው ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ገቡ። ሎጋው ሽታው ሲደርሰው ፊቱ ተኮማተረ፤ መሀረብ ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደና ተወው። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ቆመ።

ሽማግሌዋ ጋቢና ገብታ በመስኮቱ ብቅ አለች። "ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ መኪናውን ያጥባል። ለኔ የጻፍከውን ለሱ በአፍህ ንገረው። ከዚያ በኋላ እኔ የምልህን እኔም አላውቅም። ሳሙና እንዳታመጣ።"

መኪናው ተነሳ።

"ያ ነው ልጁ?" አለ አባቷ። "ምንድን ነው የሚነግረኝ?"

"ራሱ ይንገርህ።"

የከሰዓት ሥራዋ እየደረሰ ነበርና ወደ ክሊኒኩ አቀኑ። ዳቦ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ አባቷ እንደ ልማዱ ፍሬን ያዘ።

"እለፈው፣ አባዬ። እስከ በሩ።"

"መራመዱስ? ለጤናሽ?"

"ለጤናዬ አልነበረም" አለች፣ ፊት ለፊት እያየች። "አፍሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ባንተ አፍሬ ነው የምወርደው። ይህን የምነግርህ ሌላ ሰው ከመንገሩ በፊት ነው።"

አባቷ መሪውን በአውራ ጣቱ መታ መታ አደረገ። አልተቆጣም፣ አልሳቀምም።

"የኔ ሽማግሌ" አለ ቀስ ብሎ። "አንድም ቀን 'እዚህ ጋ አቁም' ብለሽኝ ታውቂያለሽ?"

አሰበች። ብላው አታውቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት፣ ራሱ ነበር የሚያቆመው።

ክሊኒኩ በር ላይ የተቀመጡ በሽተኞች አፍንጫቸውን ሸፈኑ። ሽታው ያው ነበር፣ ሆዷንም እንደ ወትሮው ገለበጠው። ጎንበስ ብላ አባቷን ጉንጩን ሳመችውና፣ ሁሉም እያዩዋት፣ ወረደች።